በእኅቴ ማድቤት የከረመው በሶብላ

እኔን እንዲህ ያንገበገበኝ የእኅቴ በሶብላ አልሞት ማለቱ ነው።

ኅዳር ገብቶ ከጉና የሚወርደው ቁር ሲጀምር የደብረ ታቦር ጓሮ ይጠቁራል። በሶብላ ብርድ አይችልም። ሌሊቱን ውርጭ ከነካው ጧት ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደ ፈሰሰበት ጎመን ተልፈስፍሶ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በጥቅምት አበባውን ቆርጦ፣ አድርቆ፣ ቋጥሮ ይሰቅልና እስከሚመጣው ክረምት ይሰናበተዋል። ታላቅ እኅቴ ግን አትሰናበትም። የእሷ በሶብላ በዘይት ጣሳ ተተክሎ ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን እንደ ለመለመ ይሻገራል። ለገና ቅቤ የምታነጥር፣ ለጥር ሠርግ በርበሬ የምትደልዝ የሰፈር ሴት ሁሉ "እባክሽ እቴ፣ እንደው አንድ ዘለላ" እያለች ደጇን ትጠናለች። እሷም ቀንጠስ አድርጋ ስትሰጥ ጠበል የምትረጭ ነው የምትመስለው። ይህን እያየሁ አንጀቴ ያርራል።

በሶብላው ብቻ ቢሆን ግን እንኳን እኔ፣ እብድም እንዲህ አይሆንም። ልጄም እሷ ዘንድ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ልጄ ጡት እንደ ጣለች ነው ዐረብ አገር የሄድሁት። አባቷ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እንደ ወረደ ቀርቷል፤ እናታችን ሞታለች፤ ያለችኝ እኅቴ ናት። እሷ ደግሞ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትታቀፍ፣ ጠላ እየጠመቀች ብቻዋን ትኖር ነበር። "አምጫት፣ እኔ እይዛታለሁ። አንቺ ሠርተሽ ነይ" አለችኝ። ሰጠኋትና ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ልጄን ያሳደግኋት በስልክ ነው። ጥርሷ ሲነቀል በስልክ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ በስልክ፣ ኩፍኝ ሲይዛት በስልክ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷን የማላይ ማለት እኔ ነኝ።

ስመለስ ቤት ሠራሁ። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ከእኅቴ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የብሎኬት ቤት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ። ለልጄ ብቻ አንድ ክፍል ለየሁላት፤ አልጋ ከነፍራሹ፣ ጠረጴዛ፣ አበባ ያለበት መጋረጃ። መጥታ አየችው። "ያምራል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች፤ አልጋውን በጣቷ ነካ አደረገችና ሳሎን ተመልሳ ተቀመጠች። ሻይ ጠጣች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብድግ አለች።

"የት ነው?" አልኋት።

"በሶብላ ላስገባ።"

ጧት ጣሳዎቹን ከማድቤት አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰልፋቸዋለች፤ ማታ ቁሩ ሳይወርድ መልሳ ታስገባቸዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሥራዋ ነው። ስለዚህ ልጄ እኔ ዘንድ መጥታ ትውላለች፣ ማታ ግን በሶብላ ይጠራታል። አስቡት እስኪ! ሰው በሰው ይቀናል፤ እኔ በጣሳ ላይ በበቀለ ቅጠል ቀናሁ። ስትሄድ በመስኮት አያታለሁ፤ ቁልቁለቱን እየሮጠች ነው የምትወርደው። ወደ እኔ ስትመጣ ሮጣ አታውቅም።

እኅቴን "እማ" ትላታለች። ትቆጣታለች፣ ትቀልድባታለች፣ ጭኗ ላይ ራሷን ጥላ ፀጉሯን ታስነካካለች። እኔን አንቱ ትለኛለች። "ደኅና አደሩ?" "ይቀመጡ።" "ይብሉ።" ሰው ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ እንዴት ታከብርሻለች" ይለኛል። አክብሮቱ በአፍንጫዬ ይውጣ! እኔ የምፈልገው እንደ እሷ እንድትቆጣኝ ነበር።

መስከረም ላይ ከእኅቴ ጋር ተጣላን። "ልጄን ስጪኝ" አልኋት። "መቼ አሰርኋት?" አለችኝ። "አንቺ ካላልሻት አትመጣም፤ ሂጂ በያት" ብዬ ጮኽሁ። "እኔ ሂጂ የሚል አፍ የለኝም" አለች። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ገቡበት። ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ "ልጅቱ በግ አይደለችም፣ ተጎትታ አትሄድም" አሉ። "ጥምቀት እስኪያልፍ ከሁለታችሁም ጋር ትዋል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያባብላት ራሷ ትናገር።" እሺ ብለን መስቀል ተሳለምን። ማንም ሳያባብላት አሉ እንጂ፣ በሶብላ አትትከሉ አላሉም። እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ ነው የወጠንሁት። እኔም ቤት በሶብላ ካለ፣ እኔም ቤት ማታ ማታ የሚገባ ነገር ካለ፣ ልጄ በምን ምክንያት ትነሣለች?

ጓሮዬ ላይ በክረምት የዘራሁት ነበር። ሰው ሁሉ ሲያጭድ እኔ አላጭድም አልሁ። አራት ችካል ተክዬ ላስቲክ አለበስሁት፤ ነፋስ እንዳይገባ ዙሪያውን በድንጋይ ደፈንሁ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ "ውይ፣ ድንኳን ጣልሽለት? ማን ሞተ?" ብላ ሳቀች። በማግስቱ ላስቲኩን ስገልጠው ቅጠሉ ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ጠቁሯል። የነካው ሁሉ አሯል። እኔ ግን የላስቲኩ ጥፋት አልመሰለኝም። "ዓይኗ ነው የበላው! ያቺ አንገተ ረጅም!" እያልሁ ሳምንት ሙሉ ሰላም ነሣኋት። ምስኪን፣ እስካሁን ምን እንዳጠፋች አታውቅም።

ቀጥሎ ወረታ ወረድሁ። ወረታ ሞቃት ነው፤ በሶብላው ወገብ ይደርሳል። ከነሥሩ ከነአፈሩ አስነቅዬ፣ በመኪና ጭኜ፣ እንደ ሙሽራ ሸፋፍኜ አመጣሁት። ጓሮ አላስጠጋሁትም። ሳሎኔ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የሚያምር ማሰሮ ውስጥ አኖርሁት። እኔ ደግሞ በእጄ እተማመናለሁ። ዐረብ አገር አሠሪዬ ማዳም በረንዳዋ ላይ ሬሃን የምትለው ነበራት፤ ያው የእኛው በሶብላ ዘመድ ነው። እሷ ስታጠጣው ይጠወልጋል፤ እኔ ሳጠጣው ይንዠረገጋል። "እጅሽ የተባረከ ነው" ትለኝ ነበር። ይህን ለእኅቴ ነገርኋት፣ እንድትቃጠል ብዬ። እሷ የጠላ እንስራዋን እያጠነች ቀና እንኳ ሳትል "ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ" አለችኝ። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከእሷ ጋር ሆና በእኔ ላይ ሳቀች! ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ፤ ሳልሰናበት ወጣሁ።

የወረታው በሶብላ ሳሎኔ ውስጥ መኮማተር ጀመረ። ቅጠሉ ከታች ቢጫ ይሆንና ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። በርዶታል ብዬ ውኃ በማንቆርቆሪያ ለብ አድርጌ አጠጣሁት። ባሰበት። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ አጠገቡ ተከልሁለት፤ ለራሴ ያልገዛሁትን! ለሁለት ሌሊት ደኅና ሆነ። በሦስተኛው መብራት ሄደ። ያ የምኮራበት ሴራሚክ ማታ በእግር ሲረግጡት ብርዱ አጥንት ይዘልቃል፤ ብሎኬቱም የጠጣውን ብርድ ማታ ይተፋዋል። ጧት ማሰሮው ውስጥ የቀረው እንጨቱ ነበር።

ተቀምጬ አለቀስሁ። ለበሶብላ ያለቀስሁ እንዳይመስላችሁ። ታኅሣሥ ገብቷል፣ ጥምቀት እየቀረበ ነው፣ ልጄ ደግሞ ፀሐይ ባዘቀዘቀች ቁጥር ከቤቴ ትነሣለች።

እኅቴ ሰማች። ማን እንደ ነገራት የታወቀ ነው። በማግስቱ ልጄ አንድ ጣሳ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች፤ ውስጡ ክንድ የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ በሶብላ። "እማ ናት የላከችልዎ" አለችኝ። እርር ድብን አልሁ። የሷን በሶብላ ቤቴ ላስገባ? በእሷ ምጽዋት? "መልሺላት" ልል አፌን ስከፍት የልጄን እጅ አየሁት። ጣቶቿ ከብርዱ የተነሣ ቀልተዋል፤ ጣሳውን ግን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ነፋስ እንዳይነካው ነጠላዋን ዙሪያውን ጠምጥማለታለች። ጣሳውን ተቀበልኋት።

ሳሎን መስኮት ሥር ላኖረው ስል "እዚያ አይሆንም" አለችኝ።

"ለምን? ፀሐይ ያገኛል።"

"ቀን ቀን ያገኛል። ማታ እሳት የለም።" እንዳታስቀይመኝ ፈርታ፣ ወለሉን እያየች ጨመረች፦ "ቤቱ ነው። እዚህ ቤት እሳት አያድርበትም። እማ ማታ ፍሙን አመድ ውስጥ ዳፍና ነው የምታሳድረው፤ ማድቤቱ እስኪነጋ ለብ እንዳለ ነው።"

ያኔ ነው ልብ ያልሁት። ልጄ እኔ ቤት ስትሆን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አታውቅም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተሸፋፍና፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ነው የምትቀመጠው። እኔ አፍራኝ ነው፣ ስላልለመደችኝ ነው፣ እኅቴ ምን ነግራት ነው እያልሁ ስብሰለሰል ልጅቱ በርዷት ኖሯል። ወይ እኔ! አገር ለአገር የተንከራተትሁለት ቤት ለልጄ ይበርዳታል።

እኔ ከጭስ ለማምለጥ ነበር ሁሉን ያደረግሁት። ልጅ ሆኜ ዓይኔ በጭስ ሲነድድ "አንድ ቀን ጭስ የሌለበት ቤት እኖራለሁ" ብዬ ምያለሁ። እና አሁን በብሎኬት ቤቴ ጓሮ የጭቃ ማድቤት ልሠራ ተነሣሁ። ጎረቤቴ እንደገና በአጥር በላይ ብቅ አለች። "ሰው ከጭቃ ወደ ብሎኬት ይወጣል፤ አንቺ ወደ ጭቃ ትወርጃለሽ?" አለች። በዚህ ጊዜ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አናጢው እንጨቱን አቆመ፣ ማገሩን አሰረ። ምርጊቱን ግን እኔው እሠራለሁ አልሁ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ስዳክር አገኘችኝ። ጭዱን አብዝቼበት ኖሮ አልቦካ ብሎኛል። ቆማ አየችኝ፤ ሳቋ አመለጣት። "እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው!" አለችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። እጄን ያዘችኝ፣ እንዳንንሸራተት። እየረገጥን፣ እየተደገፍን፣ አንዴ እሷ ስትወድቅ አንዴ እኔ ስወድቅ አቦካነው። እኔን እየተቆጣች ነው ያመሸችው፦ "ኧረ ውኃ አይጨምሩ! ኧረ በስማም፣ ግድግዳው ላይ ይለጥፉት እንጂ አይጣሉት!" በተቆጣችኝ ቁጥር ልቤ ሞቅ ይላል።

ማድቤቱ ሳይደርቅ ነው እሳት ያነደድሁበት፤ ግድግዳው እያላበ ከረመ። የእኅቴን ጣሳ ምድጃው አጠገብ፣ ወላፈኑ በማይደርስበት መደብ ላይ አኖርነው። ማታ ፍሙን መዳፈን ልጄ አስተማረችኝ። በሳምንቱ በሶብላው ከጎኑ አዲስ ቅጠል አወጣ። ልጄ ጫፉን እየቀነጠሰች አበባ እንዳያወጣ አደረገችው፤ ጫፉን ሲቀነጥሱት ጎን ለጎን ይሰፋል አለችኝ። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠን ሌላ ጣሳ ተከልን። የገና ዋዜማ ያቺ ጎረቤቴ ራሷ በሩን አንኳኳች። "እባክሽ፣ ቅቤ እያነጠርሁ ነው፣ እንደው አንድ ዘለላ።" እሰይ! እጄ ሙሉ ቆርጬ ሰጠኋት። "ከወረታ ያመጣሁት ነው" ስላት ልጄ ከጀርባዬ ጎኔን በጣቷ ወጋ አደረገችኝ።

ቀን በቀን እያመሸች ሄደች። መጀመሪያ የእኅቴን ጣሳዎች ታስገባና ለእኔ ልታስገባ ትመጣለች። በኋላ የእኔን አስቀድማ የእኅቴን ታስከትላለች። አንድ ሁለት ቀን ወደ ታች ሳትወርድ መምሸቱን አየሁ። ከታች ጣሳዎቹን ራሷ እኅቴ እንዳስገባች ገባኝ፤ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ? ይህን ያህል ዘመን እሷ የጠጣችውን ደስታ እኔ አንድ ጉንጭ ብቀምስ ምን ነውር አለው?

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱ በገባ ማግስት ልጄ እኔ ዘንድ ዋለች። ጣሳዎቹን አስገባች፣ እሳቱን ቆሰቆሰች፣ ነጠላዋን አወለቀችና መደቡ ላይ ጣለችው። "እንግዲህ ዛሬ እዚሁ እደሪ" አልኋት። እሳቱ ላይ አንድ እንጨት ጨመረች። "እሺ" አለች።

እሺ አለች! ወጥ ለመሥራት ተነሥቼ ሽንኩርቱን የት እንዳኖርሁት ጠፋኝ።

ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እኅቴ በር ላይ ቆመች። የታጠፈ ጋቢ ይዛለች። አልገባችም። "ጋቢዋን አምጥቼላት ነው" አለች። "ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።" ተቀበልኋት። ግቢም አላልኋት፤ ብላትም ከአንገት በላይ ነበር የሚሆነው። በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች፦ እሳቱን፣ ልጂቱን፣ መደቡ ላይ የተሰለፉትን ጣሳዎች። ዓይኗ እዚያ ሲቀር ፊቷን አየሁት፤ አወቅሁት። ያ ፊት የእኔ ነው። ዓመታት ሙሉ የስልክ መስታወት ላይ፣ ወራት ሙሉ በሳሎኔ መስኮት ላይ ያየሁት የራሴ ፊት ነው።

"ለምልሟል" አለች ስለ በሶብላው።

"አዎ፣ ለምልሟል" አልሁ።

"በሉ ደኅና እደሩ። እሳቴን ጥዬው ነው የመጣሁ።" ዞር አለችና ቁልቁለቱን ወረደች። ልጄ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ አንገቷን ግን እስክትርቅ ድረስ አልመለሰችም።

እራት አቀረብሁ። በምትወደው ሽሮ ላይ ትኩስ በሶብላ ቀንጥሼበታለሁ። አንዴ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች። "ብዪ እንጂ" አልኋት። "በላሁ" አለች። ጋቢውን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥለቱን በጣቷ ትፈታለች፣ ትገምዳለች።

"እሷ ብቻዋን እንዴት ታድራለች?" አለችኝ።

ያኔ ፈነዳሁ። "እኔስ? እኔ በሰው አገር፣ በሰው ማድቤት ወለል ላይ፣ ስንት ዘመን ብቻዬን አደርሁ! ያን ጊዜ እሷ እንዴት ታድራለች ያለልኝ አለ? አንቺ አልሽ? እሷ አለች?" ጮኽሁ፤ ድምፄ አዲሱን ግድግዳ መትቶ ተመለሰብኝ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ቀና ብላ በቀጥታ አየችኝ፤ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

"እርስዎ ሲሄዱ እኔን ለእሷ ትተው ነው" አለች። "እኔ ስመጣ እሷን ለማን ልተዋት?"

መልስ ፈለግሁ። እናትሽ ነኝ የሚለውን ፈለግሁ፣ ወለድሁሽ የሚለውን፣ ለማን ብዬ ተንከራተትሁ የሚለውን። ሁሉም አፌ ላይ ነበር፤ አንዱም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ጋቢውን ከጭኗ ላይ አንሥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት።

"ተነሺ፣ ላድርስሽ" አልኋት።

እጄን ያዘች። እየቀናሁ አደረስኋት።